ጸጋን «ዋጋ» ብዬ የሰማሁበት እሑድ

ሰባኪው «ዋጋው ይበቃሃል» አለ። ትንሽ ቆየና «ዋጋው አያልቅም» ብሎ ጨመረ። ደነገጥኩ። የማያልቅ ዋጋ ማን ከፍሎ ይዘልቀዋል? ዙሪያዬን ብመለከት ሰው ሁሉ ፊቱ በርቶ «አሜን» ይላል። ባለቤቴም ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። መክፈል ይህን ያህል የሚያስደስታቸው ሰዎች መሐል ለዓመታት ተቀምጬ እንዴት አላወቅኋቸውም ብዬ ተገረምኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኩት፤ መንገድ ላይ ቆሞ ሳቀ። ቃሉ «ጸጋ» ነበር።

ያን ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር በዝቶብኝ ነበር። ከሮሜ መልእክት «በተስፋ ደስ ይበላችሁ» ተብሎ ሲነበብ «በወረፋ ደስ ይበላችሁ» ብዬ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ረጅም ሰልፍ ላይ በቆምኩ ቁጥር ሐዋርያው ጳውሎስ ትዝ ይለኛል። ሳቁ ግን ላይ ላዩን ነበር። ከሥሩ ያለውን ፍርሃት ስም ለማውጣት ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶብኛል። እግዚአብሔር እኔ ዘንድ የሚመጣው በጆሮዬ በኩል ነበር። ይህ በር ሲዘጋ በየት በኩል ይገባል?

ለ19 ዓመታት በመዘምራን ቡድን ውስጥ አልቶ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ፣ ዘምሬአለሁ። ዜማውን ሶፕራኖዎቹ ይወስዱታል፣ ግርማውን ባሶቹ ይወስዱታል፤ አልቶ ግን ስትጎድል ብቻ መኖሯ የሚታወቅ ድምፅ ናት። ያንን ቦታ እወደው ነበር። አንድ መዝሙር ለሦስተኛ ጊዜ ሲደጋገም፣ መሣሪያዎቹ ዝም ብለው የሰው ድምፅ ብቻ ሲቀር፣ አራቱም ድምፆች ሲገጥሙ ደረቴ ውስጥ የሚፈታ ነገር ነበር። «ህልውናው ወረደ» እንላለን በእኛ አነጋገር። እንባዬ ይመጣል። ለእኔ የእግዚአብሔር ፍቅር ማለት ያ ነበር፤ እሑድ ረፋድ ላይ፣ በሦስተኛው ድግግሞሽ የሚመጣ ሙቀት። ሰኞ ይቀዘቅዛል። ረቡዕ ልምምድ አለ፤ እንደገና ይሞቃል። ያንን ሙቀት አሁን ተነሥቼ አላጣጥለውም፤ እውነተኛ ነበር። ግን እናት የልጇን ግንባር በእጇ እየዳበሰች ትኩሳቱን እንደምትለካ፣ እኔም እግዚአብሔር ዛሬ ምን ያህል ቀርቦኛል የሚለውን በዚያ ሙቀት ስለካ ኖሬአለሁ።

አሁን 53 ዓመቴ ነው። ሐኪሙ የጆሮዬን ምርመራ ውጤት በወረቀት ላይ ያሳየኝ በ46 ዓመቴ ነበር። ወረቀቱን እስከ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ፣ መዝሙረ ዳዊት መሐል አስቀምጬዋለሁ። በስተግራ ወፋፍራም ድምፆች፣ በስተቀኝ ቀጫጭኖቹ ተደርድረዋል። የእኔ መስመር ከግራ ደህና ይነሣና መሐል ሲደርስ እንደ ገደል ይወርዳል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ የእኔ ግን ከ2,000 ሄርዝ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው። አናባቢዎች ወፍራሙ በኩል ስለሆኑ ይደርሱኛል። የሚጠፉት ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ፣ ጸ ናቸው። እናም ሰው መናገሩን እሰማለሁ፤ ምን እንዳለ ግን አልሰማም። ይህን ለሰው ማስረዳት እንዴት እንደሚያደክም! ሰዎች ሲጮሁልኝ የሚጎላው አናባቢው ብቻ ነው፤ ሰው «ጸጋ» ብሎ ቢጮህም ለእኔ «ዋጋ» ነው።

ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ሰው ነበርና ምክንያቱንም ነገረኝ። በውስጠኛው ጆሮ፣ ቀንድ አውጣ በምትመስለው ጥምዝ ክፍል ውስጥ፣ ጫፋቸው ፀጉር የመሰለ 15,000 ያህል ሕዋሳት አሉ። የድምፅን ንዝረት ተቀብለው ለነርቭ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ለቀጭን ድምፅ የተመደቡት መግቢያው ላይ፣ ለወፍራሙ የተመደቡት ጥልቁ ውስጥ ናቸው። በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። በዶሮ ላይ ግን ይበቅላሉ፤ ተመራማሪዎች ይህን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ያን ቀን ከክሊኒኩ ስወጣ በዶሮ ቀንቼ ነበር። ለዶሮ የተሰጠው ለእኔ ምነው ተከለከለ? ኢየሱስ ለኢየሩሳሌም ሲያለቅስ ራሱን ጫጩቶቿን ከክንፏ በታች በምትሰበስብ ዶሮ መመሰሉ ትዝ ያለኝ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። በዚያ ቀን ትዝ ቢለኝም የሚያጽናናኝ አይመስለኝም።

ከመዘምራን ቡድኑ የወጣሁት ማንም ሳያስወጣኝ ነው። አንድ ረቡዕ ልምምድ ላይ መሪያችን ሦስት ጊዜ አስቆመን፤ ሦስቴም ዓይኗን ወደ አልቶዎቹ መለሰች፤ ስም አልጠራችም። አጠገቤ ያሉት እህቶች ግን ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት እንደዚያ ቀን ገብቶኝ አያውቅም። ምን ያህል ጊዜ ስሳሳት እንደ ቆየሁ፣ ስንቱስ በፍቅር ዝም እንዳለኝ እግዚአብሔር ይወቀው። ማስታወሻዬን ሰበሰብኩና በሚቀጥለው ሳምንት አልተመለስኩም።

ብዙ ሰው ጸለየልኝ። እጃቸውን ጆሮዬ ላይ ጭነው የጸለዩልኝ አሉ፤ አመስግኜአቸዋለሁ፤ ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ። ፈውስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። አንድ አገልጋይ ከጎኔ ቆሞ ለሌላ ሰው በቀልድ መልክ «እንግዲህ እምነት ከመስማት ነው፤ ካልተሰማ ምን ይደረጋል» ብሎ እንደ ነበር ልጄ ነገረችኝ። እሷ የነገረችኝ ተናድዳ ነው፤ እኔ ደግሞ የተናደድኩት እሷ በመስማቷ ነው። ስብከት ላይ የሚሰማ ቁም ነገር ሲያልፋት እንዲህ ያለው ግን አያልፋትም፤ ወጣት ጆሮ አይደል።

ቤት ስደርስ ጥቅሱን አወጣሁ፤ ሮሜ 10፥17። ለመከራከር ነበር የከፈትኩት፤ ቁጣ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያስነብብ ማን ይክዳል። ጳውሎስ እምነት ከመስማት ነው ካለ በኋላ ወዲያው በሚቀጥለው ቁጥር «ባይሰሙ ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅና፣ በእርግጥ ሰምተዋል ለማለት ከመዝሙር 19 ይጠቅሳል፤ ድምፃቸው ወደ ምድር ሁሉ ወጣ የሚለውን። የማን ድምፅ? ወደ መዝሙሩ ሄድኩ። የሰማያት ድምፅ ነው፤ የእግዚአብሔርን ክብር የሚናገሩት የሰማያት። ጳውሎስ ከጠቀሰው ቁጥር አንድ ብቻ ከፍ ብሎ ያለው ደግሞ ንግግር እንደሌለ፣ ድምፃቸውም እንደማይሰማ ይናገራል። ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ሐዋርያው «መስማት» ለሚለው ምስክር አድርጎ የጠራው የማይሰማ ድምፅ ነው! ለዚያ አገልጋይ ይህን ልነግረው ለሳምንታት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አንድም ቀን አልነገርኩትም።

የረዳኝ ሌላ ቦታ ያለ ቃል ነው። ዘሌዋውያን 19፥14 ደንቆሮውን አትስደብ፣ አምላክህን ፍራ ይላል። (ቃሉ በቋንቋችን አላዋቂ ማለትም ስለሆነ ስናነበው ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል፤ መስማት የተሳነው ብንል ምን ነበረበት?) ትእዛዙ እንግዳ ነው። የማይሰማን ሰው መስደብ ማንን ይጎዳል? እሱ አይሰማም። ግን ሌላ የሚሰማ አለ። ሰውየው ስለማይሰማ እግዚአብሔር በእሱ ፈንታ ይሰማለታል፤ ስድቡ ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ አምላኩ ጋ ይደርሳል። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ንዴቴ አልጠፋም፤ ግን ብቻዬን የምሸከመው መሆኑ ቀረ። በሙቀት ሳይሆን በሌላ መንገድ እግዚአብሔር ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበኝ ያኔ ሳይሆን አይቀርም። ያኔ ግን አላወቅኩትም።

በመሐል ደረቅ ዓመት አለ፤ ብዙ አልናገርለትም። «ጌታ ተናገረኝ»፣ «ድምፁን ሰማሁ» የሚሉ ምስክርነቶች ሲሰጡ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አሳልፍ ነበር። ሰው የማይሰማ ሰው በጸጥታ ውስጥ የሚኖር ይመስለዋል። ጸጥታማ የት ይገኛል! ሌት ተቀን ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ሲቀንስ አእምሮ የራሱን ይፈጥራል ይሉኛል። የጥሞና ጊዜዬን ይዤ ስንበረከክ የሚቀበለኝ ጥሞና ሳይሆን ያ ጩኸት ነበር። ኤልያስ በኮሬብ ከነፋሱ፣ ከመናወጡና ከእሳቱ በኋላ የሰማውን ትንሽ የዝምታ ድምፅ ሳነብ እኔ ነፋሱ ላይ ቀርቻለሁ እል ነበር።

ከዚያ ደብተሯ መጣች።

በጉባኤያችን አንዲት እናት አሉ፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ በጡረታ ላይ ያሉ መምህር። እምብዛም አንነጋገርም ነበር። አንድ እሑድ ሳይጠየቁ መጥተው በቀኜ ተቀመጡ፤ ደህና የሚባለው ጆሮዬ ቀኙ መሆኑን ከየት እንዳወቁ እንጃ። ባለ መስመር ደብተር ከቦርሳቸው አወጡና ስብከቱ ሲጀመር ሰሌዳ ላይ በሚጻፍበት ጉልህ ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ምንባቡን፣ ዋና ዋናውን ሐሳብ፣ ምሳሌውን። ደብተሩን ወደ እኔ ያዘነብላሉ። መምህርነታቸው አልለቀቃቸውምና በዳር በኩል አስተያየት ይጨምራሉ፤ «ይህን ባለፈውም ብሎታል»፣ «እዚህ ጋ ጥቅሱን ተሳስቷል፣ ምዕራፉ 4 ነው»፣ አንድ ጊዜም «አሁን ስለ ራሱ እያወራ ነው፤ ሲመለስ እነግርሻለሁ»። በሳቅ ልፈነዳ ደርሼ ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሆነ። 11 ደብተር ሞልተናል።

ለምን እንደሚያደርጉት አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ራሱ የገባቸው አልመሰለኝም። «ልጄ፣ እኔም ሳልጽፍ እንቅልፍ ይወስደኛል» ብለው ጻፉልኝ።

በእነዚያ ደብተሮች ዘመን ነው የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7ን እንደ አዲስ ያነበብኩት። መስማት የተሳነውና አንደበቱ የተያዘውን ሰው ሰዎች ወደ ኢየሱስ ያመጡታል፤ እጁን እንዲጭንበት ይለምናሉ። ይህን ከወንጌላውያኑ የጻፈልን ማርቆስ ብቻ ነው። ለዓመታት ስሰማው «ኤፍታህ» የምትለው ቃል ላይ ብቻ ነበር የምንቆመው፤ ተከፈት፣ ተአምር፣ እልልታ። አሁን ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው የሚይዘኝ። ኢየሱስ በመጀመሪያ ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ይወስደዋል። መስማት የተሳናችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ! በሕዝብ መሐል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር፣ እኛ የጠፋን ነን። አንድ ለአንድ ፊት ለፊት ስንሆን ነው ሰው የምንሆነው። ከዚያ ጣቶቹን ጆሮው ውስጥ ያስገባል፤ ምራቁን እንትፍ ብሎ ምላሱን ይዳስሳል፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ይመለከታል፤ ይቃትታል።

ቃል ብቻ ይበቃው አልነበረምን? የመቶ አለቃውን አገልጋይ በሩቅ ሆኖ በቃል ፈውሷል። ይህኛው ሰው ግን ቃል አይሰማም። ስለዚህ ኢየሱስ ገና ሳይፈውሰው በሚገባው ቋንቋ አነጋገረው። ችግርህ እዚህ ነው፣ ምላስህም ላይ ነው፣ ረድኤትህ ከላይ ነው። መቃተቱንም ሰውየው አይሰማውም፤ የደረቱን ከፍ ዝቅ ማለት ግን ያያል። እንደማስበው ያ ሰው መወደዱን ያወቀው መስማት ከመጀመሩ በፊት ነው። ጣቶቹ ጆሮው ውስጥ ሳሉ፣ ዓለም ገና ድምፅ ሳይኖራት። እኔ ኤፍታህ አልተባልኩም፤ ምናልባትም በዚህ ምድር አልባልም። ግን ከሕዝቡ ለይቶ የወሰደኝ ሰው ደብተር ይዞ በቀኜ ተቀምጧል፤ ይህን መካድ አልችልም።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። የራሴን ድምፅ መመጠን አቅቶኛል። በሹክሹክታ የምጸልይ ሲመስለኝ ለካ ቤቱ በሙሉ ይሰማኛል። ሐና በሴሎ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም ነበር፤ ካህኑ ዔሊም ሰክራለች አለ። እኔ የሐና ተቃራኒ ነኝ። ይህን ያወቅኩት አንድ ማለዳ ትንሿ ልጄ የመኝታ ቤቴን በር ከፍታ ስትቆም ነው። ጸሎቴን ሰምታለች። ምን እየጸለይኩ ነበር? ከምሽቱ ከእሷ ጋር ተጣልተን፣ የተናገርኳትን ክፉ ቃል እያነሣሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልጄን የማናግራት ጠላት እንደማናግር ሆኛለሁ፤ ስለማልሰማት እፈራለሁ፣ ስፈራ እጮኻለሁ» እያልኩ ነበር። ፊት ለፊት ይቅርታ ልጠይቃት አስቤ ቢሆን ግማሹንም አልናገረው፤ እናት ነኝና ምክንያት እደረድር ነበር። መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። ምንም አላለችም፤ ወይም ብላ ከሆነ አልሰማሁም። ከዚያ ወዲህ ስታናግረኝ መጀመሪያ ትከሻዬን ትነካኛለች።

እንግዲህ ጸሎቴን እግዚአብሔር የመለሰው በደካማ ጆሮዬ በኩል መሆኑ ነው። ይህን ከማለቴ በፊት ብዙ አመነታሁ፤ ለደረሰብኝ ሁሉ ጥሩ ምክንያት የሚፈልጉልኝን ሰዎች ስለማልወድ። ጆሮዬ የደከመው ለዚያ ነው አላልኩም። በደከመውም በኩል አለፈ ነው የምለው።

የመስሚያ መሣሪያ አለኝ፤ ሁለት። ይረዱኛል፣ ያናድዱኛልም። የደከመ ጆሮ አንድ መጥፎ ጠባይ አለው፤ ትንሹን ድምፅ አይሰማም፣ ከፍ ያለው ድምፅ ግን ያለ ልክ ይጮህበታል። ማእድ ቤት ውስጥ ማንኪያ ሲወድቅ መሣሪያው ውስጥ እንደ ፍንዳታ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ፓሪስ በሚገኝ የቀርሜሎሳውያን ገዳም ውስጥ ወንድም ሎውረንስ የሚባል፣ ቀድሞ ወታደር የነበረ ተራ መነኩሴ ነበር፤ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1691 ነው። ለዓመታት የገዳሙ ማእድ ቤት ውስጥ ሠርቷል፤ ሥራውን በተፈጥሮው እንደማይወደውም አልደበቀም። ይህ ሰው በማእድ ቤቱ ኳኳታ መሐል፣ ሰዎች በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር እያዘዙት፣ ተንበርክኮ እንደሚጸልይ ያህል ከእግዚአብሔር ጋር እንደሚሆን ይናገር ነበር። እኔ እዚያ አልደረስኩም። ሳህን ሲጋጭ ከአፌ የሚወጣው ሁልጊዜ ጸሎት አይደለም። ግን ከእሱ አንድ ነገር ወስጃለሁ፤ ሳህን በማጥብበት ጊዜ መሣሪያዎቹን አውልቄ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ውኃው እጄ ላይ ሲሞቅ «እዚህ ነህ» እላለሁ። ሌላ አልጨምርም። አንዳንድ ቀን ደስ ይለኛል፤ ብዙውን ቀን ሳህን ታጥቦ ያልቃል፤ በቃ።

ይህ ሁሉ የተገለበጠልኝ በአንድ ጥያቄ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። መዝሙር 94 ውስጥ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን?» የሚል ጥያቄ አለ። ዕድሜዬን በሙሉ ክርስትና ማለት እኔ እግዚአብሔርን መስማት ነው ብዬ ጆሮዬን ቀስሬ ኖሬአለሁ፤ ተናግሮኝ ይሆን፣ አምልጦኝ ይሆን እያልኩ። ያ ጥቅስ ግን የእኔን መስማት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የእሱን ነው። ጆሮ የሚሠራ አምላክ ራሱ የሚሰማ ነው፤ የእሱ መስመር ደግሞ መሐል ላይ እንደ ገደል አይወርድም። የምርመራ ወረቀቴ እዚያው ገጽ ላይ የተቀመጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለእሱ ስል ነው።

ባለቤቴና እኔ ከመተኛታችን በፊት አብረን የመጸለይ ልማድ አለን። ጆሮዬ ደህና ሳለ እሱ ይጸልያል፣ እኔ አሜን እላለሁ፤ ከዚያ እኔ እጸልያለሁ፣ እሱ አሜን ይላል። መሣሪያዎቹን አውልቄ መብራት ሲጠፋ ግን የከንፈሩንም እንቅስቃሴ ማየት አልችልም። መጀመሪያ መብራቱን አብርተን ሞከርን፤ ዓይኔን ከፍቼ ከንፈሩ ላይ ሳፈጥ እሱ አፈረ፣ እኔም ደከመኝ። ከዚያ እሱ ዘዴ ፈጠረ። በጨለማ ውስጥ እጄን ይይዛል። ጸሎቱን ሲጨርስ መዳፌን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል፤ አሜን ማለት ነው። በመሐል ደግሞ ስሜን ሲጠራ እጄን ጭምቅ ያደርጋል።

ምን ብሎ እንደሚጸልይልኝ አላውቅም። አንድም ቃል አይደርሰኝም። ደረቱ ሲርገበገብ በክንዴ ይሰማኛል፤ ረጅም ነው፣ አጭር ነው፣ ዛሬ ደክሞታል፣ ዛሬ ከባድ ነገር አለበት የሚለውን እለያለሁ። ከዚያ በመሐል፣ መቼ እንደሚመጣ ሳላውቅ፣ እጄ ይጨመቃል። አሁን ስሜ እዚያ ፊት ቀርቧል። መዘምራኑ ውስጥ በነበርኩበት ዘመን በሦስተኛው ድግግሞሽ ይፈታ የነበረው ነገር በዚያች ቅጽበት ይፈታል ብላችሁ አታምኑኝም። የሚፈታው ደግሞ ምንም ሳልሰማ ነው።

ኢየሱስ ጴጥሮስን ስለ አንተ ጸለይሁ ያለው ጴጥሮስ ያንን ጸሎት ሳይሰማ ነው፤ ጸሎቱ ከተጸለየ በኋላ ነው የተነገረው። መንፈስም በማይነገር መቃተት ስለ እኛ ይማልዳል ይላል ሮሜ 8፤ የማይነገር ከሆነ ጤነኛውም ጆሮ አይሰማውም ማለት ነው። በዚህ በኩል ሁላችንም እኩል ነን። ስለ እኔ የሚባለው ዋናው ነገር እኔ በማልሰማበት ቦታ እየተባለ ኖሯል፤ በአልቶነት ዘመኔም ጭምር፣ እኔ ሙቀቱን ስለካ ሳለሁ።

መዝሙሩ አሁንም ይናፍቀኛል። ይህን ደብቄ የምደርስበት ቅድስና የለም። እሑድ ዝማሬ ሲጀመር ከፊቴ ያለውን የእንጨት ወንበር ጀርባ እይዛለሁ፤ ባሶቹ በእንጨቱ በኩል ይደርሱኛል፤ አልቶዎቹ የትም የሉም። አንዳንድ ቀን አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ደብተሩ ላይ ምንም አይጽፉም፤ ብዕሩን አስቀምጠው ዝም ይላሉ። በሶፎንያስ 3፥17 እግዚአብሔር «በፍቅሩ ያርፋል» ተብሎ የተተረጎመው የዕብራይስጥ ግሥ መሠረታዊ ፍቺው ዝም ማለት እንደሆነ ያነበብኩት በቅርቡ ነው፤ በዕብራይስጥ መስማት የተሳነው ሰው የሚጠራበት ቃልም ከእነዚያው ፊደላት የወጣ ነው። በፍቅሩ ዝም ይላል። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ለእሳቸው አሳየኋቸው። አንብበው፣ ከሥሩ አሥምረው፣ በመምህር እጃቸው የ«ልክ ነው» ምልክት አደረጉበት።

ትናንት ማታ ባለቤቴ ሲጸልይ እጄን ጨመቀ። ቆየት ብሎ ደግሞ ጨመቀ። ከዚያ መዳፌን መታ መታ አደረገ፤ አሜን አልኩ፤ ተኛን። ሁለት ጊዜ ለምን እንደ ጨመቀኝ ሳስብ አደርኩ፤ የሆነ ነገር ሰምቶ ይሆን፣ ሐኪሙ የነገረው ይኖር ይሆን ብዬ። ጠዋት መሣሪያዎቼን ገና ሳደርግ ጠየቅኩት። ግር ብሎት ትንሽ አሰበና ፊቴን ወደ እሱ አዙሮ፣ ከንፈሩን እንዳይ ቀስ ብሎ፣ «አስቀድሜ እንደ ጠራሁሽ ረስቼ ነበር» አለኝ።